እናቴ ለሁለት የከፈለችው ታብሌት

ይህን ስጽፍ ወንድሜ ከኋላዬ ተቀምጦ ኪቦርዱን ይቀጠቅጣል። እንደ ሰው ቀስ ብሎ መጫን አያውቅም። ሐራ ገበያ የበሬ ሽንጥ በመዳፉ እየመታ ሲያሻሽጥ ስለኖረ፣ ቁልፎቹንም የሚመታቸው እንደዚያው ነው። «ኧረ ቀስ በል፣ ትሰብረዋለህ!» ብዬ እጮኽበታለሁ። ታብሌቱን ወደ እኔ ዞር ያደርገዋል። «ሥራሽን ሥሪ» ይላል ጽሑፉ። ደሜ ይፈላል። ወዲያው ደግሞ ይህን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ዳግም ላልሰማው እንደነበር ትዝ ይለኝና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይቀጥቅጠው፣ ከፈለገ ሰባብሮ ይጨርሰው እላለሁ።

ወንድሜ ደላላ ነበር፤ የከብት ደላላ። የሐራን ገበያ የሚያውቅ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ከገበያው አንድ ጥግ ሆኖ «ኧረ እዩት፣ ይሄ በሬ ነው ወይስ ተራራ!» ሲል ከሌላው ጥግ ያለ ገዢ አንገቱን ያዞራል። ቤት ውስጥም ያው ነው፤ ውኃ አምጡልኝ ለማለት ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። እናቴ «ቀስ ብለህ ተናገር፣ ደንቆሮ አይደለንም» እያለች ነው ያሳደገችው። አንድ ጊዜ ድምፁ መሻከር ጀመረ። ብርድ ነው አለ። ማር በላ፣ ነጭ ሽንኩርት አኘከ፣ ሼሁ ዘንድ ሄዶ ዱአ አስደረገ። ሲብስበት አዲስ አበባ ወሰድነው። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ውስጥ የበቀለውን ነገር ሲያወጡ ድምፁንም አብረው አወጡት። ሌላ መንገድ አልነበረም። አንገቱ ሥር የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ቀረችለት፤ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። አቧራ እንዳይገባባት በስስ ሻሽ ይሸፍናታል።

ያን የሚያህል ጯሂ ሰው ዝም ሲል ቤቱ ወና ሆነ። እሱ ራሱ ከሰው ሸሸ፣ ከሳ፣ ገበያ በዋለበት ቀን ግድግዳ እያየ ይተኛል። ዱባይ ያለች የአክስታችን ልጅ ወሬውን ሰምታ ታብሌት ላከችለት። ታብሌቱ ከሥሩ ኪቦርድ አለው። ኪቦርዱ ላይ ባለችው ስንጥቅ ቀጭ ብሎ ሲገባ ላፕቶፕ ይመስላል፤ ጎተት ሲያደርጉት ተላቆ ለየብቻ ይሆናል። ታብሌቱ ብቻውንም ቢሆን በጣት እየተነካካ ይሠራል። ኪቦርዱ ግን ብቻውን ምንም አይደለም፤ የራሱ ባትሪ የለው፣ የራሱ መስታወት የለው። ቁልፎቹ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም እያሉ ይጫናሉ፤ መስታወቱ ላይ በአማርኛ ይወጣል። ወንድሜ በመስታወቱ መጻፍ አልወደደም፤ ጣቱ ወፍራም ነው፣ አንዱን ሲነካ ሌላው ይመጣበታል። ኪቦርዱን ግን ወደደው። የሚመታ ነገር አገኘ።

መጀመሪያ የጻፈው ለእናቴ ነበር። እናቴ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ታብሌቱን ዓይኗ ሥር አድርጎ ይጠብቃል፣ እሷም ትክ ብላ ታይና «ምን ይላል ይሄ መስታወት?» ትለኛለች። በዚያው የቤቱ አፍ ሆኜ ቀረሁ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ። ማንበቡስ ባልከፋ፤ የሚጽፈው ነው ጉዱ። «ወጡ ጨው የለውም» ብሎ ይጽፋል። እኔ «እጅሽ ይባረክ ነው የሚልሽ» እላታለሁ። ተናዶ መደቡን ይደበድባል። እናቴ ታዲያ ሞኝ አይደለችም፤ «ሲመርቀኝ እንዲህ ይቆጣል እንዴ?» ትላለች።

ጦርነቱ መጀመሪያ ወልድያ ሲገባ አልሸሸንም። እናቴ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም አለች፣ እሷን ትቶ የሚሄድ ደግሞ የለም። ከተማው ተይዞ ለወራት ቤታችን ውስጥ ተቀመጥን። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ጠፋ። ታብሌቱም ባትሪው አልቆ ጨለመ። ወንድሜ ለሁለተኛ ጊዜ ድምፁን ተቀማ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መኪናዬ የእግር ስለሆነች መብራት አትፈልግም፤ የሚያሰፋ ሰው ባይኖርም አሮጌ ልብስ እየጣፍኩ እውል ነበር። እሱ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ኪቦርዱን ብቻውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ይጫናል። ታብሌቱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ለማንም አይደለም የሚጽፈው። መጀመሪያ አንጀቴን በላው። ቆይቶ ግን አናደደኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! «ምንድነው የምትለው? ለማን ነው የምታወራው?» ብዬ ጮኽኩበት። ቀና ብሎ አየኝና ጣቱን እያሳረፈ ፊደል በፊደል ጫነልኝ። ጣቱን በዓይኔ ተከተልኩ። «ርቦኛል» ነው የሚለው።

መርፌዬን ጣልኩት። «ርቦኛል? ርቦኛል ነው ያልከው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔስ ጠግቤ ነው?» አልኩት። እንደገና ጫነ፤ አሁን ፈጠን አለ። «አንቺ ስትጠግቢም ስትራቢም ትጮኺያለሽ።» ቤት ከተዘጋብን ጀምሮ መጀመሪያ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን። ያለ መስታወት ደግሞ ምን ታወራላችሁ ብላ እሷም ሳቀች፤ ለምን እንደምትስቅ ግን አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ጣቱን ማንበብ ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ እየተሳሳትኩ ስንጣላ እንውላለን። እየቆየ ሲሄድ ፊደሉን መቁጠር ትቼ የጣቱን አካሄድ ብቻ ማየት ቻልኩ። ሲቆጣ ቁልፉን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ሲያዝን ጣቱ ቁልፉ ላይ ይቆያል። ከተማው ተለቆ፣ መብራት ተመልሶ ታብሌቱ ሲበራ እንኳ እኔ መስታወቱን ማየት ተውኩ፤ ከማዶ ተቀምጬ ጣቱን እያየሁ እመልስለት ነበር። «አላስጨርስ አልሽኝ» እያለ ይማረር ነበር።

ሁለተኛው የጦርነት ዙር የመጣው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ከቆቦ በኩል ሰው ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ወልድያ ጎረፈ። ሲያዩት የመጀመሪያው ዙር እንዳለ ዓይን ላይ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ እናቴም አልተከራከረችም፤ መርሳ አክስቴ ቤት እንሂድ አለች። ጎረቤታችን አይሱዙ ነበረው፤ ለአሮጊትና ለሕፃናት ብቻ ነው ቦታ ያለኝ አለ። እሷን አስቀድመን እኛ በእግራችን ልንከተል ተስማማን።

እናቴ የመጀመሪያውን ዙር ካየች ወዲህ አንድ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ጥንድ የሆነ ነገር በአንድ ሰው እጅ አይሄድም። በሰፈራችን ብዙ ሴቶች እንዲህ አድርገው ነው ዕቃቸውን ያተረፉት። ከጉትቻዋ አንዱን ጆሮ እሷ ትይዛለች፣ አንዱን እኔ ቀሚሴ ጫፍ ውስጥ እሰፋዋለሁ። አንዳችን ብንዘረፍ አንዱ ይተርፋል፤ ኋላ ሸጠንም ቢሆን እንኖራለን። ጥሩ ሕግ ነበር። እኔም አጨብጭቤ ነው የተቀበልኩት።

አይሱዙው ሲንቀሳቀስ እናቴ ከላይ ሆና ጮኸች። «የወንድምሽን መስታወት እኔ ይዤዋለሁ! የሐኪሙን ወረቀትም ይዣለሁ! ፊደሉ ያለበትን ለእናንተ ትቼዋለሁ!»

ፊቷ ላይ ያለው ኩራት እስከዛሬ ይታየኛል። ወንድሜ ከረጢቱን ከፈተ። ውስጡ ኪቦርዱ ብቻ ተጋድሟል። ታብሌቱን ነቅላ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከአንድ ጆሮ ጉትቻዋ ጋር ይዛው ሄዳለች። «ወይ ጉድ! ጉትቻ መሰላት እንዴ?» ብዬ ራሴን ያዝኩ። ወንድሜ ግን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ድምፅ የለውም እንጂ ሲስቅ መላ አካላቱ ነው የሚስቀው። ኪቦርዱን አወጣና «ተለያይቶ ቢሰረቅ ሌባው ምን ሊያደርገው ነው?» ብሎ ጫነልኝ። እየሳቅን መንገድ ጀመርን።

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። አህያው፣ በጉ፣ በባጃጅ ላይ የተጫነው ፍራሽ፣ ጀርባ ላይ የሚያለቅሰው ልጅ፣ ሁሉም ወደ መርሳ። እኛን ቀድመው የወጡ ጎረቤቶቻችን ርቀው ሄደዋል፤ ከዙሪያችን የነበረው አብዛኛው ከቆቦ የመጣ ሰው ነው፣ አያውቀንም። ወንድሜ በአቧራው ምክንያት ሻሹን ደርቦ ጠምጥሟል። በየመሐሉ እየቆመ ቀዳዳዋን ይጠርጋል፣ ትንፋሹ ሲያፏጭ እኔ እደነግጣለሁ። እንዲህ እያልን ሲሪንቃን አለፍ እንዳልን አስፋልቱ ላይ ገመድ ተወጥሮ አገኘን። ኬላ ነው።

ጠባቂዎቹ የዚያው የሐብሩ ገበሬዎች ናቸው። ሰርጎ ገብ ከተፈናቃይ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል ስለተባለ ወንዱን ሁሉ እየነጠሉ ይጠይቃሉ። አጠያየቃቸው ደግሞ ቀላል ነው፤ የት ሰፈር? የማን ልጅ? ጎረቤትህ ማን ነው? ሰውየው አፉን ሲከፍት አነጋገሩን ይሰሙና ያገሩ ልጅ መሆኑን ያውቃሉ፣ እለፍ ይሉታል። መታወቂያውንም ብዙ አያዩትም። ሰልፉ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር። እኔም ወገቤን ይዤ ቆሜ፣ የእኛ ተራ እስኪደርስ ድረስ፣ የመጣብን ነገር አልታየኝም።

«የት ሰፈር ነህ?» አለው ፊት የቆመው ጠባቂ። ወንድሜ ወደ አንገቱ አመለከተ። «አፍ የለህም? የማን ልጅ ነህ?» ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን አወዛወዘ። እኔ ከሴቶቹ በኩል «ወንድሜ ነው! መናገር አይችልም! ጉሮሮው ታሞ ነው!» እያልኩ ሮጥኩ። ጠባቂው አልሰማኝም፤ ሻሹን ሳብ አደረገው። ቀዳዳዋ ወጣች።

«ጥይት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ቁስለኛ ነው! ከውጊያ የመጣ ነው!» ሰልፉ ተናጋ። ዱላ የያዙ ሰዎች ተጠጉ። መታወቂያውን አወጣሁላቸው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ግን ሳይታመም በፊት የተነሳው ጉንጫሙ ሰውዬ ነው። ፊት ለፊታቸው የቆመው አጥንቱ የወጣ ሰው ነው። «ከሞተ ሰው ኪስ የወሰደው ነው» አሉ። የሐኪሙ ወረቀት መርሳ ነው፣ ታብሌቱ መርሳ ነው፤ በእስክሪብቶ ይጻፍላችሁ ብላቸው «ሰላይም ይጽፋል» አሉኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ ከእነዚያ ገበሬዎች መሐል ሐራ ገበያ በሬ ያልሸጠ አይኖርም ነበር። ድምፁ ቢኖር አንድ ጊዜ «ተራራ ነው!» ቢል ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁት ነበር። ድምፁን እንጂ መልኩን ማን ልብ ብሎት ያውቃል! «የሐራው ደላላ እኮ ነው!» ብላቸው «እሱንማ በድምፁ እናውቀዋለን» ብለው ሳቁብኝ።

የኬላው አለቃ መጣ። ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ ክላሹን በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ሰውዬ ነው። ሰዎቹን ገለል አደረጋቸውና ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየው። እኔን ደግሞ «አንቺ እለፊ፤ እሱ እስኪጣራ እዚህ ይቆያል» አለኝ።

«ማን ነው የሚያጣራው? መቼ ነው የሚጣራው?» አልኩት።

«እለፊ አልኩሽ።»

የሚያጣራ ማንም እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጦሩ እየቀረበ ነው፤ ማታ ላይ ኬላው ራሱ ቢነሳ ወንድሜን ማን ይዞት ይሄዳል? እነዚያ ዱላ የያዙትስ? ትንፋሹን የሚጠርግለት፣ ሲጠሩት የሚመልስለት የለ። ጥዬው ከሄድኩ በሕይወት እንደማላገኘው ልቤ ነግሮኛል። «ወላሂ አልሄድም! ወይ ሁለታችንን ልቀቁን ወይ ሁለታችንን ያዙን!» ብዬ አስፋልቱ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው ሊያነሱኝ ሞከሩ። እኔ ደግሞ ስቆጣ ከባድ ነኝ።

ያን ጊዜ ነው ወንድሜ ከረጢቱን የከፈተው። ጠባቂዎቹ መሣሪያ መዘዘ ብለው ክላሻቸውን አነሱ። ኪቦርዱን አውጥቶ ከፍ አድርጎ አሳያቸውና ቁጢጥ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እኔን እያየ ጫነ። «ሂጂ። እናታችን ብቻዋን ናት። አንዳችን እንድረስላት።» ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ይቆይ ነበር።

«አፍህን ዝጋ!» ብዬ ጮኽኩበት። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳትለኝ! አፍህን ዝጋ ብዬሃለሁ!»

ሰው ሁሉ ያየኛል። አፍ የሌለውን ሰው አፍህን ዝጋ የምትል እብድ አይተው አያውቁም። አንዲት ሴትዮ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አለቃው ግን አልሳቀም፤ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ምን አለሽ?» አለኝ።

«ሂጂ አለኝ። ጥለሽኝ ወደ እናትሽ ሂጂ ነው የሚለኝ፣ ይሄ ደንቆሮ!»

«በምን አለሽ?»

«በጣቱ ነዋ! ፊደሉን ሲጫን አነበዋለሁ። አፉ እኔ ነኝ።»

አለቃው ኪቦርዱን አንስቶ ገለበጠው። ብርሃን የለው፣ ሽቦ የለው። ዱላ የያዙት «ታወናብዳለች! የራሷን ነው የምታወራው!» አሉ። ኪቦርዱን ለወንድሜ መለሰለትና ለአንዱ ጠባቂ «እሷን ከዛፉ ኋላ ውሰዳት፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትቁም» አለው። ለእኔ ደግሞ «በጆሮው አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ተመልሰሽ ምን እንዳልኩት ከጣቱ ካነበብሽ ትሄዳላችሁ። ካላነበብሽ ሌላ ነገር እንዳትለምኚኝ» አለኝ።

ዛፉ ኋላ ቆሜ ያልቀራሁት የለም። ፋቲሓ ጀምሬ መሐሉ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። የምፈራው ራሴን ነው፤ ጨንቆኝ ሳነብ ብሳሳትስ? ሲጨንቀኝ ቸኩዬ መገመት እንደምወድ ወንድሜ ሁሌ ይነግረኛል፤ አላስጨርስ አልሽኝ ይለኛል። «ነይ» ብለው ጠሩኝ።

ወንድሜ ፊት ተንበረከክሁ። ፊቱን አየሁት፤ ገርጥቷል። አለቃው ራቅ ብሎ ክላሹን ተደግፎ ቆሟል፣ ወደ እኛ አያይም። «በል» አልኩት ወንድሜን። «ቀስ በል። ለአንድ ቀን እንኳ ቀስ በል።»

ጫነ። ደብሊው፣ ኢ፣ ኤን። ቀጠለ። «ወንድሜን።»

እኔ ስጮኸው የነበረውን ቃል ነው የሚደግምልኝ ብዬ፣ ጨንቆት ቀባጠረ ብዬ አሰብኩ። «አይደለም! ልመናውን ተወው! ሰውየው የነገረህን ነው የምትነግረኝ!» አልኩት። ራሱን በኃይል ነቀነቀ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። «ወንድሜን።» ከኋላዬ መንሾካሾክ ተጀመረ። «አላልኳችሁም?» አለ አንዱ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በሻሼ ጠረግሁና ምንም ሳልገምት፣ ቃሉን ሳልቀድመው፣ ጣቱን ብቻ ተከተልኩ። ጣቱ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ይቆይ ነበር።

«ወንድሜን ጥዬው መጣሁ።»

ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እውነት ነው እያለ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ።

«ምን ይላል? ጮክ ብለሽ ተናገሪ!» አሉ ዱላ የያዙት። «እኛም እንስማ!» አሉ። እንግዲህ እኔን የሚያውቀኝ ሰው ያውቀኛል፤ የገባኝን ነገር ሆዴ ውስጥ ማሳደር አልችልም፣ ቀስ ብሎ መናገርም በቤታችን የለም። ተነሳሁ። አፌን ከፈትኩ። አለቃው ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ያ ክላሽ ያነገተ ሰውዬ፣ እንዳትናገሪ ብሎ እንደሚለማመጥ ልጅ ነበር የሚያየኝ። ጭንቀቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍቶ እሱ አሳዘነኝ።

«ለእናንተ አይደለም የምናገረው» አልኳቸው። ወደ አለቃው ሄድኩና «ጆሮዎን ይስጡኝ» አልኩት። ጎንበስ አለልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «ወንድሜን ጥዬው መጣሁ ብለውታል» አልኩት።

ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የፎጣውን ጫፍ ይዞ ፊቱን ጠረገ፣ ላብ እንደሚጠርግ ሰው። እኔ ቀና ስል ወንድሜ እጁን እያወዛወዘ ይጠራኛል። ኪቦርዱን እያሳየኝ ነው፤ ገና አልጨረስኩም ይላል። ተመለስኩና ጣቱን አየሁ። በዚህ ጊዜ የሚያወራው የራሱን ነው። ጨረሰና ወደ አለቃው በአገጩ አመለከተኝ፤ ንገሪው።

እንደገና ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። «ወንድሜ ለእርስዎ የሚለው አለ» አልኩት። «ሂጂ ያልኳት ከልቤ ነው፤ ጥላኝ ብትሄድም አልቀየማትም ነበር ይላል።»

አለቃው ቀና አለ። ወደ ወንድሜ ሄዶ ሻሹን ከመሬት አነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ራሱ በእጁ ቀዳዳዋን ሸፈነለት። ዱላ የያዙት ሊናገሩ ሲሉ «አንብባዋለች፤ ዞር በሉ!» ብሎ ተቆጣቸው። ገመዱንም ሰው ሳያዝ ራሱ ሄዶ ዝቅ አደረገው። ወንድሜን በብብቱ ገብቼ ደገፍኩት፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም፣ ሁለታችንም እንንገዳገድ ነበር። ከረጢታችንን ይዘን ገመዱን ተሻገርን። ነፍሴ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ይታወቀኛል። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያልኩ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር አፌን ሞልቶት ነበር።

ጥቂት እንደሄድን አለቃው «እህቴ!» ሲል ሰማሁት። ደነገጥኩ፤ ሐሳቡን ቀየረ ብዬ የወንድሜን ክንድ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ዞር ስል አለቃው ገመዱን እንደያዘ ቆሟል።

«ያን የመጨረሻውን» አለኝ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።»

ወንድሜን አየሁት። ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔም ሰው ይስማ አይስማ ሳልል፣ በራሴ ድምፅ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።

«አልቀየማትም ነበር ነው የሚለው።»

«አልቀየማትም ነበር» አለ እሱም ለራሱ። ከዚያ «በሉ ሂዱ፣ እናታችሁ ትጠብቃለች» ብሎን ገመዱን መልሶ ወጠረው።